ጨዋታን ጨዋታ ያነሣዋል

እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምን ትሉታላችሁ? «ተጫወት እንጂ!» ትሉታላችሁ። ሰውየውም ተነሥቶ ኳስ ፍለጋ አይወጣም። ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ስለ ኑሮው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አገሩ ማውራት ይጀምራል። «እገሌ ጨዋታ ዐዋቂ ነው» ስንልም ለብሔራዊ ቡድን የሚሰለፍ ማለታችን አይደለም። አንደበቱ የሚጥም፣ ነገር የሚያዋዛ ሰው ማለታችን ነው። ገበጣም ጨዋታ ነው፣ ኳስም ጨዋታ ነው፣ ወግም ጨዋታ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼ ይህችን ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ እንደ ዳቦ ለሁለት ይቆርሷት ነበር፤ መጫወት ለብቻ፣ ማውራት ለብቻ። አማርኛ ግን ሁለቱን በአንድ ገበታ ያቀርባቸዋል።

ይህች ቃል ታዲያ ትምህርት ቤት ደጃፍ ስትደርስ በሁለት ትርጉሟም ትባረራለች። ልጁ ጠጠር ሲቆጥር ከተገኘ «ጨዋታህን ተውና አጥና!» ይባላል። ሰሌዳው ላይ ስላለው ጥያቄ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር ሲንሾካሾክም «እዚያ ጋ! ጨዋታ አቁሙ!» ይባላል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። መምህሩ ምሳሌ ይሠራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ያ «አዎ» ስንቱን እንዳልገባው ልጅ እንደሸፈነ የሚያውቀው የፈተናው ቀን ብቻ ነው።

«የሥነ ጽሑፍ ሰው ደግሞ ሒሳብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በአገራችን ቅኔ ይቆጠራል። የቅኔ ተማሪ ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያደርገውን ነገር አባቶቻችን «ቅኔ መቁጠር» ብለውታል። ቃልና ቁጥርን የለያየን እኛ ነን እንጂ እነሱስ አብረው አኑረዋቸው ነበር። ሁለተኛው መልሴ ግን ሸማ ተራ ያየሁት ነገር ነው።

መርካቶን የሚያውቅ ሸማ ተራን ያውቃል። ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው፣ ቡሉኮው፣ ባለ ጥለት ቀሚሱ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰቅሎና ተቆልሎ፣ በመሐል ለመተላለፊያ የተተወችው መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ፣ ሙሽራና እናቷ፣ ሚዜና አክስቱ የሚጋፉበት ተራ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት እሳት ተነሥቶበት የብዙ ሰው ጥሪት አመድ እንደሆነ አዲስ አበባ ሁሉ አልቅሶ አይቷል። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ ቃጠሎ በፊት፣ በአንድ ዓመት የሁዳዴ መግቢያ ላይ ያየሁትን ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል። ሠርግ ሲቆም ሸማ ተራ እፎይ ይላል። ለአንድ አዛውንት ዘመዴ የገዛሁት ጋቢ ጫፉ እስኪቋጭ ድረስ «ትንሽ አረፍ ይበሉ» ተብዬ በርጩማ ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ። ከፊቴ አንድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ፣ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ፣ ጠዋት ጠዋት አክስቱን ሱቅ የሚያግዝ፣ ከአንድ ተሸካሚ ጋር ጨዋታ ይዟል። አግዳሚው ላይ 21 ቆርኪ ተደርድሯል። ሕጉ ቀላል ነው። በየተራ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቆርኪ ይነሣል። የመጨረሻውን ቆርኪ ያነሣ አሸናፊ ነው።

ልጁ ያሸንፋል። ደግሞ ያሸንፋል። ደግሞም ያሸንፋል። ሁልጊዜ «እኔ ልጀምር» ይላል፤ ጀምሮም አንድ ቆርኪ ብቻ ያነሣል። ተሸካሚው ነገሩ ሲገርመው «አሁንስ እኔ ነኝ የምጀምረው!» አለ። ልጁ አልተከራከረም። ቆርኪዎቹን አገላብጦ አየና «ይሄኛው ዝጓል፣ እናውጣው» ብሎ አንዱን ወረወረው። ቆርኪዎቹ 20 ሆኑ። «በል ጀምር» አለው። ተሸካሚው ጀመረ፤ ተሸነፈ።

ይህን ሁሉ ከጎናችን ባለው ሱቅ ደጃፍ ጋቢያቸውን ተከናንበው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ነበሩ። ልጅነታቸውን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሳቃቸው መጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ ዘመነ ዮሐንስ ላይ እያስቀመጠህ ነው የሚረታህ!»

«የምን ዮሐንስ ነው ጋሼ?»

ሽማግሌው አስረዱት። የባሕረ ሐሳብ ሰው የዘመኑን ወንጌላዊ ሲያወጣ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ይደምርና ለአራት ያካፍለዋል። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፤ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። «21 ለአራት ሲካፈል አንድ ይተርፋል፤ ማቴዎስ ናት። አንዷን አንሥቶ 20ን፣ ማለት ዮሐንስን፣ ለአንተ ይተውልሃል። ከዚያ ወዲያ ስትንፈራገጥ ብትውል ከዮሐንስ አትወጣም።»

«ሁለት ባነሣስ?» አለ ተሸካሚው። «እኔም ሁለት!» አለ ልጁ። «ሦስት ባነሣስ?» «እኔ አንድ!» «አንድ ባነሣስ?» «እኔ ሦስት!» በእያንዳንዱ ዙር አራት ይሞላል፤ አራት አራት እያሉ ሲወርዱ የመጨረሻዋ ቆርኪ የልጁ ናት። ሽማግሌው ቀጠሉ፤ «ደግ። ሕጉ እስከ አራት ማንሣት ቢፈቅድስ?» ልጁ ዝም አለ። አሰበ። ከልጁ ቀድሞ መልስ የሰጠው ማን መሰላችሁ? ሲሸነፍ የዋለው ተሸካሚ! «ያን ጊዜማ በአምስት ነዋ!» አለ። «እሱ አራት ሲያነሣ እኔ አንድ፣ እሱ ሦስት ሲያነሣ እኔ ሁለት፤ አምስት ይሞላል።» ዙሪያውን የቆመው ሁሉ አጨበጨበ።

እስቲ ልብ በሉ። እዚያ አግዳሚ ላይ የነበረው ማካፈል ነው፤ ቀሪ ነው፤ «እንዲህ ቢሆንስ?» ብሎ ሕጉን ለውጦ መጠየቅ ነው፤ ከአንድ ምሳሌ ተነሥቶ ወደ አጠቃላይ ደንብ መድረስ ነው። ቻርልስ ቡተን የተባለ የሃርቫርድ የሒሳብ ሰው የዚህን ጨዋታ ዘመድ፣ «ኒም» የሚባለውን፣ መርምሮ ሙሉ የሒሳብ ትንታኔውን ያሳተመው በ1901 እ.ኤ.አ. ነበር። ሸማ ተራ ላይ ግን ነገሩ የተፈታው በአንድ ልጅ፣ በአንድ ተሸካሚና በአንድ ሽማግሌ ጨዋታ ነው፤ በሁለቱም ትርጉሙ ጨዋታ። ቆርኪው ብቻውን ቢሆን ልጁ እያሸነፈ፣ ሰውየው እየተሸነፈ ይመሽ ነበር። ወጉ ሲጨመርበት ነው ሁለቱም ያወቁት።

ልጁን ጠጋ ብዬ «ሒሳብ ጎበዝ ነህ ማለት ነው?» አልኩት።

«ኧረ! ሒሳብ አይሆንልኝም» አለኝ።

«ማካፈል አልተማራችሁም?»

«ተምረናል። ቀሪ ያለው ሲሆን ግን ይምታታብኛል።»

ይህን የመሰለ ነገር ከእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1985 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሦስት ተመራማሪዎች በብራዚል ሬሲፌ ከተማ አምስት በንግድ ላይ የተሰማሩ ልጆችን ጠይቀው ነበር። ልጆቹ ገበያ ላይ፣ ኮኮናትና ሌላም ነገር እየሸጡ፣ ለቀረቡላቸው 63 ጥያቄዎች ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። በኋላ እነዚያኑ ልጆች ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ያንኑ ስሌት በባዶ ቁጥር ሲጠይቋቸው ትክክል የሆነው ከመቶ 37 ያህሉ ብቻ ነበር። በታሪክ መልክ ሲጠየቁ ደግሞ ከመቶ 74 ያህል መለሱ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ ስሌቱም ያው ነው። የተለየው ቁጥሩ ትርጉም ይኑረው አይኑረው ነው።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ ወሬ እንዳይመስል አንድ መራራ እውነት ላንሣ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሆነዋል። ቁጥሩ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ሒሳብን ለብቻው አያሳይም። ምክንያቱም አንድ አይደለም፤ ጦርነት አለ፣ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ የመምህር ኑሮ አለ። ሆኖም ለዐሥራ ሁለት ዓመት «ለምን?» ብሎ ያልጠየቀና ያልተጠየቀ ልጅ፣ ኮራጅና አቀባይ የሌለበት አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ሲቀመጥ ከየት አምጥቶ ያስባል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የእህቴ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። የሸማ ተራውን ነገር ስነግራት ሳቀችና ዝም አለች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ «ጋሼ፣ ሞከርኩት እኮ!» አለችኝ። ቆርኪው ብቻ ሳይሆን ገበጣም አምጥታለች። ገበጣ የሚገዛ ገንዘብ ትምህርት ቤቱ የለውም፤ ስለዚህ እንቁላል የሚደረደርበትን ባለ 30 ጉድጓድ ካርቶን ከየሱቁ ለመነች። አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ ነው። ሁለት ሁለት ረድፍ እያደረገች ስትቆርጠው ከአንዱ ካርቶን ሁለት ገበጣ ይወጣል፤ አንድ ረድፍም ይተርፋል። «ቀሪውን እዚያው አስተማርኳቸው» ትላለች። ጠጠሩ ሽምብራ ነው። በየጉድጓዱ አራት አራት፣ ባጠቃላይ 48።

ገበጣ የአንድ ሕግ ጨዋታ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ በላይ ዓይነቱን መዝግበዋል። ዳይ የለበትም፣ ዕድል የለበትም። ሁሉም ጠጠር ፊት ለፊት ይታያል። ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ አንሥተህ በቀጣዮቹ አንዳንድ እያደረግህ ትዘራለህ። የት እንደምትጨርስ አስቀድሞ ያሰበ ያሸንፋል።

የእህቴ ልጅ አንድ ሕግ ብቻ ከራሷ ጨመረች፤ «ሳይናገሩ ማንሣት የለም።» ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚያነሣ፣ ለምን እንደሚያነሣ፣ የመጨረሻዋ ሽምብራ የት እንደምትወድቅ አስቀድሞ ያልተናገረ ልጅ ተራው ያልፈዋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፈች። «የመጨረሻዋ ሽምብራ ከተነሣሁበት ጉድጓድ ራሱ ላይ እንድትወድቅ በእጄ ስንት ሽምብራ መኖር አለበት?»

«ዐሥራ ሁለት!» አለ አንዱ። «24ም ይሆናል!» አለ ሌላው፤ «ሁለት ዙር ነዋ!» «እንዲያ ከሆነ 36ም፣ 48ም ይሆናል!» ክፍሉ ተንጫጫ። በዚህ መሐል ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ የማያውቅ አንዲት ልጅ ከኋላ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የተነሣንበትን ጉድጓድ እንዘለዋለን ወይስ አንዘለውም? የሰፈራችን ልጆች ይዘሉታል። ከተዘለለ መቼም ቢሆን እዚያ አይወድቅም።»

አያችሁ? ሌሎቹ መልስ ፈለጉ፤ እሷ መልሱ የቆመበትን መሬት መረመረች። የሒሳብ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚፈጁት በዚህ ነው፤ «ከምን ተነሥተን?» በማለት። ይህች ልጅ በፈተና ወረቀት ስትለካ «ደካማ» ተብላ ነበር።

የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ እኔ ደግሞ የማውቀውን አቀበልኳት። የጥንቱን የፍርድ አደባባይ፣ የ«በላ ልበልሃ»ን ሙግት ነገርኳት። ተሟጋቹ ሸማውን አደግድጎ ይቆማል። «ተጠየቅ!» ይላል። ባላጋራው ሊመልስ ይገደዳል። ጥያቄው መልስን፣ መልሱ ሌላ ጥያቄን ይጎትታል። ዳኛ አለ፣ የሚያዳምጥ ሕዝብ አለ። የጮኸ ሁሉ አይረታም፤ ነገሩን ከነማስረጃው ቀጥ አድርጎ ያቆመ ይረታል። ይህን ያህል የመጠየቅና የመጠየቅ ወግ ያለው ሕዝብ ልጆቹን በሒሳብ ክፍል ዝም በሉ ብሎ ማሳደጉ አይገርምም? አሁን በእሷ ክፍል አንድ ልጅ ሰሌዳ ላይ መልስ ሲጽፍ ያልገባው ልጅ ብድግ ብሎ «ተጠየቅ!» ይለዋል አሉ። ሲጠየቅ የሚያፍር የለም፤ ሳይጠየቅ የቀረ ነው የሚከፋው።

ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ ሆነላት ብዬ አላታልላችሁም። አንድ አባት መጥተው «ልጄን የላክሁት ሊማር ነው፣ ሽምብራ ሊጫወት አይደለም» ብለዋታል። ከጎን ያለው ክፍል መምህር በጫጫታው ተማርሯል። የክፍሉ ተማሪ ብዛትም ቀልድ አይደለም። ደግሞ እውነት ለመናገር አባትየው ጭራሽ አልተሳሳቱም። ወግ የሌለበት ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። ልጆች ቀኑን ሙሉ ሽምብራ ሲያዘዋውሩ ቢውሉ ከመዝናናት አልፈው አንዳች ሒሳብ ላይማሩ ይችላሉ። ሳንቲም ከተያዘበት ደግሞ ቁማር ይሆናል፤ ቁማር ቤት ሲሄድ ያልተበላሸ ልጅ የለም። ለዚህ ነው የእህቴ ልጅ ሰዓት የምትይዘው፤ ጨዋታው ዐሥር ደቂቃ፣ ወጉ ሠላሳ ደቂቃ። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ይጽፋል፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን ያሳመነውን ምክንያት። አባትየውንም ያሳመነቻቸው በዚያ ደብተር ነው። የልጃቸውን ጽሑፍ አነበቡ፣ ደግመው አነበቡ፤ «ይሄን እሱ ነው የጻፈው?» ብለው ሄዱ።

ጥፋቱን በመምህር ላይ ብቻ መከመር ደግሞ ግፍ ነው። እኛስ ቤታችን ምን እናደርጋለን? ልጅ አፉን ሲከፍት «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እንለዋለን። ዝም ሲል «ጨዋ ልጅ» ብለን እናመሰግነዋለን፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባምና። የሒሳብ ውጤቱ ሲመጣ ግን «አእምሮህ የት ሄዶ ነው?» ብለን እንጮኻለን። አእምሮው የትም አልሄደም። እንዲናገር ያልተፈቀደለት አፍ ጋ ታስሮ ተቀምጧል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ያሉትም አባቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱ ካልተነጋገሩ ግን ሁለት ዝምታ እንጂ መድኃኒት አይሆኑም።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ለግማሽ ሰዓት አጥፉልኝ። ቆርኪ ከሌለ ሽምብራ፣ ሽምብራ ከሌለ ጠጠር ሠላሳ ያህል ቁጠሩ። ሕጉ እንዲህ ይሁን፤ በየተራ ከአንድ እስከ አምስት ማንሣት ይቻላል፣ የመጨረሻዋን ያነሣ ያሸንፋል። ልጃችሁን «መጀመር ይሻልሃል ወይስ ሁለተኛ መሆን?» ብላችሁ ጠይቁት። ትክክል ሲመልስ «ጎበዝ» ብላችሁ አትለፉት፤ «ለምን?» በሉት። ሲሳሳትም ያንኑ «ለምን?» በሉት። እናንተ ስታነሡ «ተጠየቅ» ቢላችሁም አትቆጡ።

መልሱን እኔ አልነግራችሁም። ለልጅነታችን እንቆቅልሽ እንደምናደርገው ነው፤ ካቃታችሁ አገር ስጡኝ።